ራስ ደጀን መቼ ይወጣል? ስለ ውርጭ፣ ጭቃና የማለዳ በረዶ

እሷ፦ ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ወሬያችን ስሜን ተራራ ነው። ስለ ውበቱ ብዙ ተብሏል፣ እኛ ዛሬ ስለ መንገዱ እናውራ። በየትኛው ወር ጭቃ ነው፣ በየትኛው ውርጭ ነው፣ በረዶ ያጋጥማል ወይ፣ ራስ ደጀን ጫፍ አካባቢ ስትደርሱ እግራችሁ የሚረግጠው ምንድን ነው።

እሱ፦ ክረምት ሊወጣ ሲል ይሄ ጥያቄ ይጎርፍልናል። «በየትኛው ወር ብንሄድ ይሻላል?» ነው ሁሌም። ወሩ ለውጥ ያመጣል፣ አልክድም። ግን እዚያ ከፍታ ላይ ከወሩ በላይ የሚወስነው ሰዓቱ ነው። በጥሩ ወር ሄደህ በመጥፎ ሰዓት ገደል አፋፍ ላይ ከተገኘህ ትቸገራለህ። በመጥፎ ወር ሄደህ ሰዓትህን ካወቅህ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ትገባለህ።

እሷ፦ እስቲ አፍታታው፣ ምክንያቱም ሰው የለመደው ወር መቁጠር ነው።

እሱ፦ እኛ ያለነው ከምድር ወገብ ብዙም ሳንርቅ ነው። ስለዚህ በወራት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ጠባብ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ግን፣ በንጋትና በቀትር መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ሳንቃበር 3,250 ሜትር አካባቢ ነው፣ ግጭና ጨነቅ 3,600 አካባቢ ናቸው። እነዚህ ካምፖች ላይ ቀን ከ11 እስከ 18 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፣ ሌሊት ደግሞ ከዜሮ በታች ይገባል። ቀን በሸሚዝ ሄደህ ማታ ያለህን ልብስ ሁሉ ደራርበህ ትተኛለህ። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል ብለህ አስብ።

እሷ፦ ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ስለሆነ፣ ከጨነቅ ሌላ 6 ዲግሪ ቀንሰህ ማለት ነው። ነፋሱን ሳትቆጥር።

እሱ፦ ነፋሱን ሳትቆጥሪ! ነፋሱ ነው ጣት የሚያደነዝዘው።

እሷ፦ እሺ፣ በረዶው። «ኢትዮጵያ ውስጥ በረዶ ይነጠፋል እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አሁንም ብዙ ነው።

እሱ፦ ይነጠፋል። ድሮም ይነጠፍ ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ በድንጋይ ተቀርጾ ያገኘውን የአንድ ንጉሥ ጽሑፍ ገልብጦ አስቀምጦልናል። ንጉሡ ዘመቻዎቹን ሲዘረዝር ስሜንን ያነሳል። ለመውጣት የሚያስቸግሩ፣ በረዶ የለበሱ ተራሮች ናቸው፣ በረዶው ውስጥ ሰው እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል ይላል።

እሷ፦ እስከ ጉልበት። ዛሬ ያንን ጠብቆ የሚሄድ ሰው ግን ቅር ብሎት ይመለሳል።

እሱ፦ አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ምክንያቱም ብርዱና እርጥበቱ በአንድ ጊዜ አይመጡም። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፣ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው፣ የሚወርድ ነገር የለም። ብርዱን የሚያከፋው ራሱ ጥራቱ ነው፣ ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የያዘው ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ያመልጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ዝናብ ሞልቷል፣ ግን ደመናው ሙቀቱን ስለሚይዘው ሌሊቱ ያን ያህል አይበርድም። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው ሁለቱ የሚገናኙት። ማታ ሲጥል ያመሸው እዚያ ላይ በረዶ ሆኖ ያድራል። ጠዋት ከጨነቅ ቀና ስትዪ የቧሂት ተራራ አናት ነጭ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ግን ጥቂት ሰዓት አይቆይም።

እሷ፦ እና ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በረዶ የለም።

እሱ፦ አሁን የለም። በበረዶ ዘመን ግን ነበር። ያኔ ቧሂትና ራስ ደጀን ላይ የበረዶ ግግር ነበረ፣ እየገፋ ያመጣውን የድንጋይ ክምር ተመራማሪዎች ዛሬም ያገኙታል። አሁን መንገደኛው የሚያገኘው ሦስት ነገር ነው፦ ከሰዓት በኋላ የሚወርድ የበረዶ ጠጠር፣ የማለዳ ውርጭ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ሌሊት የተነጠፈ ስስ በረዶ። ሰው ሦስተኛውን ይፈራል። እኔ የምፈራው ሁለተኛውን ነው።

እሷ፦ እኔም። ውርጭ ላይ የሚሆነውን በቅርብ ያየ ሰው ይገባዋል። ከ4,000 በላይ ያለው አፈር ትንሽ እርጥበት ካለው ሌሊት ከውስጡ ቀጫጭን የበረዶ መርፌዎች ያበቅላል። የጣት አንጓ የማታህል ነገር ናት፣ ግን አፈሩንና ጠጠሩን ተሸክማ ከፍ ታደርገዋለች። ጎንበስ ብላችሁ እዩት፣ እያንዳንዷ መርፌ አናቷ ላይ ትንሽ አፈር ይዛ ቆማለች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ስትረግጡት ኩርሽም ኩርሽም ይላል፣ እግር ግን ይይዛል። 4 ሰዓት ላይ ያው ቦታ ቀልጦ ላዩ ልስልስ ጭቃ፣ ከስሩ ገና ያልቀለጠ ጠንካራ አፈር ይሆናል። ያኔ ነው ሰው ቁልቁል የሚንሸራተተው።

እሱ፦ ይሄን ነው ሰዓቱ ይወስናል የምለው። ጠዋት በሰላም የወጣህበት መንገድ ስትመለስ ሌላ መንገድ ነው። ድንጋዩም እንደዚያው። ስንጥቁ ውስጥ የገባ ውሃ ሌሊት ሲረጋ ይሰፋል፣ ድንጋዩን ይገፋዋል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይላቀቃል። ስለዚህ ረፋድ ላይ ገደል ስር ቁጭ ብሎ ምሳ መብላት አልመክርም።

እሷ፦ እስቲ አሁን ወራቱን ቶሎ ቶሎ እንያቸው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ?

እሱ፦ ጭቃ፣ ጉም፣ ጎርፍ። ጠዋት ጥቂት ሰዓት ይከፍትልሃል፣ ከዚያ ጉሙ ከገደሉ ስር ይነሳና አምስት እርምጃ ፊትህ ያለው አይታይህም። ገደል አፋፍ ላይ ጉም ማለት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከደባርቅ ከተማ እስከ ጨነቅ ያለው የጠጠር መንገድም በዝናብ መኪና ይይዛል። ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድን ሰው በነሐሴ ሂድ አልለውም።

እሷ፦ እኔ ደግሞ ጥቅምትን የሚያክል ወር የለም ባይ ነኝ። ዝናቡ ወጥቷል፣ አበባው አለ፣ ጓሳ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ የጅንባር ፏፏቴ ሙሉ ነው፣ አየሩ ታጥቦ ከእመት ጎጎ ጫፍ ላይ ሆናችሁ ቆላው ድረስ ይታያችኋል። መንገዱ ጥላ ጥላው ላይ እርጥብ ነው፣ ግን ይኬዳል።

እሱ፦ ጥቅምት ጥሩ ነው፣ ጫፉ ላይ መውጣት ለሚፈልግ ግን ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር እመርጣለሁ። መንገዱ ደርቋል፣ ድንጋዩ ደርቋል፣ ሰማዩ ለቀናት አይለወጥም። ብርዱን ከቻልክ ሌላው ሁሉ ይመቻል።

እሷ፦ ብርዱን ከቻልክ! «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው እኮ ለደጋ ብርድ ነው፣ አንተ የምትለው ታኅሣሥ ላይ 4,000 ሜትር ነው።

እሱ፦ እሺ፣ ልክ ነሽ፣ ለብርዱ መዘጋጀት ግድ ነው። ግን ጭቃ ላይ ከመንሸራተት ብርድ ይሻለኛል፣ ብርድን በልብስ ትመልሺዋለሽ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታደላ፣ ወደ ሰሜን የዞረው ገደል ስር ያለው መንገድ ቀኑን ሙሉ ጥላ ሊሆን ይችላል። በሌላው ቦታ 3 ሰዓት ላይ የጠፋው ውርጭ እዚያ እኩለ ቀንም ይቆያል። ትንሽ ምንጭ መንገዱን የምታቋርጥበት ቦታ ደግሞ ላይዋ ረግቶ መስታወት ይሆናል። ጥላ ውስጥ ስትገቡ እርምጃችሁን ቀንሱ፣ በዱላ ነካ ነካ እያደረጋችሁ እለፉ።

እሷ፦ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውንስ?

እሱ፦ አቧራና ጭጋግ የሚመስል ብናኝ። እይታው ይደበዝዛል፣ ምንጮች ይቀንሳሉ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ያልታሰበ ዝናብ ጣል ሊያደርግ ይችላል።

እሷ፦ እሳቱንም አትርሳ። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፓርኩ ውስጥ የተነሳው እሳት ጓሳውንና የአስታ ዛፉን እንዴት እንደበላው እናስታውሳለን፣ ለማጥፋት ከውጭ አገር ድረስ ባለሙያ መጥቶ ነበር። በዚያ ወቅት ሣሩ ክብሪት ነው የሚጠብቀው። እባካችሁ ከተፈቀደ ቦታ ውጭ እሳት አታንድዱ፣ የሲጋራ ቁራጭ አትጣሉ። ዋልያና ጭላዳ ሌላ መሄጃ የላቸውም።

እሱ፦ ትክክል። አሁን ወደ ጫፉ እንሂድ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚያ ነው። ከጨነቅ ተነስተህ የቧሂትን አንገት፣ ማለትም መሻገሪያውን፣ 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ታልፋለህ። ከዚያ ጉዞው ቁልቁል ነው፣ እስከ መሸሃ ወንዝ፣ 2,800 ሜትር አካባቢ። ከዚያ እንደገና ሽቅብ ወደ አምቢቆ መንደር። በካርታ ላይ ራስ ደጀን ከቧሂት ፊት ለፊት ነው፣ እጅህን ብትዘረጋ የምትነካው ይመስላል። መካከሉ ላይ ግን ያ ሁሉ ሸለቆ አለ።

እሷ፦ አየሩም ሦስት ጊዜ ይለወጥብሃል። ቧሂት ላይ ውርጭ፣ መሸሃ ላይ የሚያላብስ ሙቀት፣ አምቢቆ ማታ ላይ እንደገና ብርድ። ወንዙም በበጋ ድንጋይ ድንጋዩን ረግጠህ የምታልፈው ነው፣ ክረምት ላይ ግን ላይኛው ተራራ ላይ የዘነበው ከሰዓት በኋላ ይደርስና ይሞላል። በዝናብ ወቅት መሸሃን በጠዋት ተሻገሩ። ሞልቶ ካገኛችሁት ጠብቁ፣ የዛሬ ጎርፍ ነገ ጠዋት ይቀንሳል።

እሱ፦ ከአምቢቆ ጫፉ ድረስ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ሰው ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ የሚነሳው ለፀሐይ መውጫ ፎቶ ብቻ አይደለም። በማለዳ መሬቱ ጠንካራ ነው፣ ነፋሱም ደመናውም ገና አልመጣም። የመጨረሻዋ ክፍል ደግሞ እጅ ይዘህ የምትወጣበት ድንጋይ ነው። አጭር ናት፣ ሲደርቅ አታስፈራም። በረዶ ወይም ውርጭ ከለበሰች ግን ሌላ ነገር ናት። ያኔ ፀሐይ እስክትነካት ታች ሆኖ መጠበቅ ነው፣ ካልደረቀች መተው ነው።

እሷ፦ መተው። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስንት መንገድ ተጉዘው፣ ገንዘብ ከፍለው፣ ሃምሳ ሜትር ሲቀር ተመለሱ ሲባሉ ሰዎች ይናደዳሉ። በመሪያቸው ላይ የሚጮህም አለ። እባካችሁ አትጩሁበት። ያ ሰው ድንጋዩን በየወሩ ያውቀዋል፣ የበቅሎው ባለቤትም፣ አብሯችሁ የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱም እንደዚያው። ደመናው ከየት በኩል ሲመጣ እንደሚዘንብ ከስልካችሁ በላይ ይነግሯችኋል። የመመለሻ ሰዓት ማታ ላይ፣ ሳትደክሙ፣ አብራችሁ ወስኑ። ለምሳሌ 5 ሰዓት ላይ የትም ብንሆን እንዞራለን በሉ። ከዚያ አትደራደሩ።

እሱ፦ በረዶ የተነጠፈ ቀን ደግሞ መነጽር ያስፈልጋል። አዲስ በረዶ የፀሐይን ጎጂ ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ወደ ዓይን ይልከዋል፣ ከፍታው ራሱ ጨረሩን አጠንክሮታል። ያለ መነጽር የዋለ ሰው ማታ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስለዋል። ደመና አለ ብላችሁ አታውልቁት።

እሷ፦ ከፍታውን ደግሞ ከአየሩ ጋር አታምታቱት። ጫፉ ላይ የምትስቡት ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ካለው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ «ብርድ ነው» እያለ የሚቀጥል ሰው አለ። ምልክቱ ካለ ከፍ አትበሉ። ከባሰ፣ መራመድ ካወላገደ ወይም እረፍት ላይ ሆኖ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወዲያው መውረድ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን። ደባርቅ ወይም ሳንቃበር አንድ ሌሊት ጨምሮ ማደር ብዙ ይረዳል።

እሱ፦ ለማደሪያ አንድ ሁለት ነገር ልበልና እንጨርስ። የመኝታ ከረጢታችሁ ከዜሮ በታች እስከ 10 ዲግሪ የሚችል ይሁን። ከስር የሚነጠፈውን አትናቁ፣ ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነው። ማታ የውሃ ጠርሙሳችሁን ገልብጣችሁ አስቀምጡት፣ ውሃ መርጋት የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ጠዋት አፉ አይደፈንባችሁም። ብርድ የስልክንና የእጅ ባትሪን ኃይል ቶሎ ስለሚያሟጥጥ ሁለቱንም መኝታችሁ ውስጥ ይዛችኋቸው ተኙ።

እሷ፦ ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የባለፈው ሳምንት መልስ ለዚህ ሳምንት አይሠራም። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልን፣ የምትሄዱበትን ወር ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ስንት ሰዓት ለመነሳት እንዳሰባችሁም ጨምሩበት። በሉ፣ ቸር ሰንብቱ።

እሱ፦ ቸር ሰንብቱ።