ሁለተኛው ሰሃን፦ ሴኡል ላይ እስኪበቃ ሥጋ የሚበላበት ቤት

ይበልጣል፦ ጤና ይስጥልን፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከጎንደር ፒያሳ ነን። እኔ ይበልጣል፣ ከጎኔ ሄለን። የዛሬውን ርዕስ የሰጠችን ለትምህርት ወደ ኮሪያ የምትሄድ አድማጫችን ናት። «አንዴ ከፍለሽ ሥጋ እስኪበቃሽ የምትበይበት ቤት አለ ይባላል፤ ገንዘብ የማያስቆጨውን በምን ልለየው?» ብላለች። እዚያ ሁለት ዓመት የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ ሄሉ።

ሄለን፦ ሐሙስ መሆኑ በጀን። ነገ ቢሆን ስለ ሥጋ አላወራም ነበር። (ሳቅ) እሺ፣ መጀመሪያ ቃሏን ትያዝ፤ «ሙሃን ሪፒል»። ሙሃን ወሰን የሌለው ማለት ነው፣ ሪፒል ያው የእንግሊዝኛው ሪፊል፣ መልሶ መሙላት ነው። የአገሩ ሰው የሚጠቀመው ኔይቨር የሚባለውን የስልክ ካርታ ስለሆነ እዚያ ላይ በኮሪያኛ ፊደል ጽፋ ትፈልግ። ሆንግዴ፣ ሺንቾን፣ ኮንኩክ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ፤ ተማሪ የሚበዛበት ሰፈር ይሻላል።

ይበልጣል፦ እንደኛ ማራኪ፣ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ሰፈር በይው።

ሄለን፦ ልክ እንደ ማራኪ! ተማሪ ኪሱ ትንሽ፣ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ቤቶቹ በዚያ ይፎካከራሉ። እኔ እያለሁ ለአንድ ሰው 20,000 ዎን አካባቢ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ የሚቀንሱም አሉ። ግን ይቤ፣ ከዋጋው በፊት የመጀመሪያ ቀኔን ላውራልህ።

ይበልጣል፦ አውሪ እስኪ።

ሄለን፦ የክፍል ጓደኞቼ ይዘውኝ ገቡ። ጠረጴዛው መሃል ላይ ምድጃ አለ፣ ከላይ ጭስ የሚስብ ቱቦ ወርዷል፣ አጠገቡ መቆንጠጫና መቀስ ተቀምጧል። ሥጋውን በመቀስ ነው የሚቆርጡት።

ይበልጣል፦ ሥጋ? በመቀስ?

ሄለን፦ በመቀስ! ቢላዋ የሚባል የለም። ሥጋው መጣ፤ ነጭና ሮዝ የተደራረበበት ወፍራም ነገር። «ሳምግዮፕሳል» አሉኝ። የአሳማ ሆድ።

ይበልጣል፦ በስመ አብ!

ሄለን፦ አየህ፣ ርካሹ ሙሃን ሪፒል አብዛኛው የአሳማ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም። ሙሉ ሒሳብ ከፍዬ ሰላጣ፣ ሩዝና ነጭ ሽንኩርት በልቼ ተነሣሁ። ልጆቹ አይተውኛል፤ ግን እንዳላፍር ብለው አንድ ቃል አልተናገሩም። በሳምንቱ አንዷ መጥታ «ሶጎጊ» አለችኝ። ሶ ከብት፣ ጎጊ ሥጋ። የበሬ ሥጋ ያለበት ቤት ስታፈላልግ ሰንብታለች።

ይበልጣል፦ አይ፣ ትባረክ!

ሄለን፦ ቆይ፣ ዋናው ገና ነው። ተቀመጥን። ሥጋው ሲደርስ የሰላጣ ቅጠል መዳፏ ላይ ዘረጋች፣ ሥጋ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከተብላላ አኩሪ አተርና በርበሬ የሚሠራ ድልህ አድርጋ ጠቀለለችው። ከዚያ ሌላ እጇን ከሥር ደግፋ ወደ አፌ አመጣችው።

ይበልጣል፦ ጉርሻ!

ሄለን፦ ጉርሻ ነዋ! «ሳም» ይሉታል፤ መጠቅለያ እንደ ማለት ነው። ከቤት ከወጣሁ ማንም አጉርሶኝ አያውቅም ነበር። እናቴ በእንጀራ የምታደርገውን እሷ በቅጠል አደረገችው። እንባዬ መጣ። ልጅቷ ድልሁ ያቃጠለኝ መስሏት ውኃ ቀዳችልኝ። እኔ ደግሞ «አንድ ያጣላል» ብዬ ሁለተኛ አስጠቀለልኳት፤ ሦስተኛም።

ይበልጣል፦ (ሳቅ) በኮሪያኛ አስረዳሻት?

ሄለን፦ በሁለት ጣት። ከዚያ በኋላ ሥጋ ቤት በገባን ቁጥር እሷ ናት በሁለት ጣት እያሳየች የምታጎርሰኝ። አሁንም መልእክት ስትልክልኝ ሁለት ጣት ነው የምትልከው።

ይበልጣል፦ ደስ ሲል። እሺ፣ አድማጫችን ግን እየጠበቀችን ነው። በምን ትለየው?

ሄለን፦ በሁለተኛው ሰሃን። አንደኛውን ሰሃን ሁሉም ቤት አሳምሮ ነው የሚያመጣው። ሁለተኛውን ስታዝ ልብ ትበል። ቻዶልባጊ የሚሉት አለ፤ እኛ ፍሪምባ የምንለው ነው። ጠንካራ ሥጋ ስለሆነ አቀዝቅዘው በማሽን እንደ ወረቀት አቅጥነው ይቆርጡታል፤ እሳት ላይ ትንሽ ሲቆይ ይደርሳል። ስለዚህ በረዶ ሆኖ መምጣቱ ጥፋት አይደለም። ሁለተኛው ሰሃን ግን ቀዩ ጠፍቶ ስብ ብቻ ከሆነ፣ ሲጠበስ ውኃ ከለቀቀ፣ ወይም ለመምጣት ከቆየ፣ ያ ቤት ባትመለስበት ይሻላል። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው ከሆነ ቤቱ የታመነ ነው።

ይበልጣል፦ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ሥጋ ተንጠልጥሎ ሳላየው? እኛ ጋ ቆራጩን «ከሽንጡ አድርግልኝ፣ ከሻኛው ጣል አድርግበት» እለዋለሁ፤ በዓይኔ እያየሁ ይመዝናል። አንዴ ከፍለሽ ያመጡልሽን መብላት ለሥጋ አይሆንም።

ሄለን፦ ይቤ፣ እዚያ በተራው ቤት የአንድ ሰው ድርሻ ከ150 እስከ 200 ግራም ነው። ብዙው ቤት ደግሞ ከሁለት ድርሻ በታች አያስተናግድም። 200 ግራም ለጎንደሬ ምኑ ነው?

ይበልጣል፦ መቅመሻ ነው።

ሄለን፦ እንግዲህ! ኪምቺው፣ ማለት በበርበሬ የተብላላው ጎመን፣ እና ጎን ለጎን የሚቀርበው ማባያ፣ ባንቻን የሚሉት፣ በየቤቱ በነጻ ይጨመራል። ኪስ የሚጎዳው ሥጋው ነው፤ የበሬ ደግሞ እዚያ ውድ ነው። ለተማሪ ሙሃን ሪፒል ነው የሚያዋጣው።

ይበልጣል፦ ቢሆንም አላየሁትም።

ሄለን፦ ማየት ለሚፈልግ ማጃንግ አለ። የሴኡል የሥጋ ገበያ ነው። ከታች ከሥጋ ሻጩ መርጠህ በሚዛን ትገዛለህ፣ ከዚያ ይዘኸው ወደ መጥበሻ ቤቱ ትወጣለህ፤ እዚያ ለጠረጴዛውና ለማባያው በሰው ብቻ ትከፍላለህ።

ይበልጣል፦ ይሄ'ኮ የኛ ሥጋ ቤት ነው! በቃ እኔ ማጃንግ ነኝ።

ሄለን፦ ጉድ ልንገርህ? ጥሬም ይበላሉ።

ይበልጣል፦ ተይ!

ሄለን፦ ዩክሄ ይባላል። ጓንግጃንግ የሚባለው ገበያ ውስጥ እሱን የሚሸጡ ቤቶች የተደረደሩበት መንገድ አለ። ቀይ ሥጋውን እንደ ክር ቀጭን አድርገው ይከትፉታል፣ በሰሊጥ ዘይት ያሹታል፣ ፒር የሚባለው ጣፋጭ ፍሬ ከሥሩ፣ የእንቁላል አስኳል ከላዩ።

ይበልጣል፦ ፍሬ? ከጥሬ ሥጋ ጋር? ሚጥሚጣስ? አዋዜስ?

ሄለን፦ የለም። ለስለስ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ ነው። እኔ ወድጄዋለሁ።

ይበልጣል፦ ቁርጥ ያለ ሰናፍጭ አይሆንልኝም። ሚጥሚጣ ይዤ እሄዳለሁ።

ሄለን፦ እኔም ይዤ ሄጄ ነበር። ያቺ ልጅ ቀምሳ ሁለት ጣት አሳየችኝ፤ ድገሚልኝ ማለቷ ነው!

ይበልጣል፦ (ሳቅ) አንድ ያጣላል! ግን አስቢው፣ ሙሃን ሪፒል ጎንደር ላይ ለፋሲካ ማግስት ቢከፈት? ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው ገብቶ? ባለቤቱ እስከ ምሳ አይደርስም።

ሄለን፦ ለዚህ እኮ ነው ሕግ ያላቸው። አስታወስከኝ፤ ልጅቷ ይህን ትያዝ። ብዙው ቤት የመቀመጫውን ጊዜ በሁለት ሰዓት ገደማ ይገድባል። ሥጋ አዝዞ ያስተረፈ ተጨማሪ ያስከፍሉታል፤ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ትዘዝ። ያልተቀመመውን ታስቀድም፤ በአኩሪ አተር መረቅና በስኳር የተዘፈዘፈው መጥበሻውን ቶሎ ያሳርረዋል፣ የሥጋውንም ጥራት ይሸፍነዋል። ሲያር «ቀይሩልኝ» ትበል፤ ይቀይራሉ። ከዳር ያለው የሩዝ ኬክና ኑድል ሆድ መሙያ ነው፤ መጀመሪያ አትንካው። ከመግባቷ በፊት ደግሞ ሶጎጊ መኖሩን ትጠይቅ።

ይበልጣል፦ እና ሁለተኛውን ሰሃን።

ሄለን፦ ተስማማህ ማለት ነው?

ይበልጣል፦ ለተማሪ እሺ። ሥራ ስትይዝ ግን ማጃንግ ትሂድ።

ሄለን፦ ሥራ ስትይዝም ጓደኛ ካላት ሙሃን ሪፒል ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ እየጠበሱ፣ እየተጎራረሱ መቀመጥ አለ።

ይበልጣል፦ እሱን ሥጋ ቤትም እቀመጣለሁ። ስንት ሰዓት ሆነ? ዓርብ ሳይገባ፣ ሥጋ ቤቱም ሳይዘጋ እንውጣ።

ሄለን፦ ግማሽ ኪሎ?

ይበልጣል፦ አንድ ኪሎ። ግማሹ ቁርጥ፣ ግማሹ ጥብስ። መቀስ እንዳትጠይቂ ብቻ።