አራት ሳምንት በአንቲጓ፦ ስፓኒሽ በአማርኛ በኩል ሲገባኝ

ውድ አድማጮቼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ስፓኒሽ ለመማር ጓቴማላ ሄጄ ስላሳለፍኋቸው አራት ሳምንታት ብቻዬን ላጫውታችሁ ነው።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ በነርስነት ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ የምትኖሩ እንደምታውቁት፣ አካባቢው የእኛ ሰው የበዛበትን ያህል ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቴማላ የመጣ ሰውም በብዛት የሚኖርበት ነው። አስተርጓሚ በስልክ ይገኛል፤ ነገር ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት እናት እጄን ጨብጠው የሆነ ነገር ሲነግሩኝ፣ መስመሩ እስኪገናኝ ድረስ ዓይን ዓይናቸውን ከማየት በቀር የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ የማታ ትምህርት ተከታትያለሁ። ግሥ ማርባት እችል ነበር፤ ሰው ሲናገር ግን አይገባኝም ነበር።

አንቲጓን የመረጥሁት በዚያ ያሉት የስፓኒሽ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ተማሪ አንድ መምህር በመመደብ ስለሚታወቁ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1543 ተቆርቁራ በስፔን አገዛዝ ዘመን የመካከለኛው አሜሪካ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፤ በ1773 የመሬት መንቀጥቀጥ ካፈራረሳት በኋላ ነው ዋና ከተማው ዛሬ ወዳለበት የተዛወረው። ጣሪያቸው የወደቀ አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ በየመንገዱ ዳር ቆመው ይታያሉ። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በ1979 ነው፤ እኔ የተወለድሁባት የጎንደር ፋሲል ግቢም የተመዘገበው በዚያው ዓመት መሆኑን ሳውቅ፣ ከተማዋን እንደ ዘመድ ማየት ጀመርሁ።

ትምህርቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። በአበባ በተከበበ የግቢ በረንዳ ላይ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ደብተር አሉ፤ መምህርቷ ፊት ለፊትሽ ትቀመጣለች፤ የምትደበቂበት የክፍል ጓደኛ የለም። አራት ሰዓት ሙሉ ከአንድ ሰው ጋር በማታውቂው ቋንቋ ማውራት እንዴት እንደሚያደክም የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ወደ ማደሪያዬ ተመልሼ እንደ ሕፃን እተኛ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መምህርቷ የጻፍሁትን አንድ ገጽ አነበበችና እርሳሷን አንሥታ «ዮ» የሚለውን ቃል፣ ማለትም «እኔ»ን፣ ካለበት ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ሰረዘችው። ስቆጥረው 23 ጊዜ ጽፌዋለሁ። ግሡ ራሱ ማን እንደሚናገር እየነገረሽ ለምን ትደግሚዋለሽ አለችኝ። ያን ጊዜ ደነገጥሁ፤ ምክንያቱም በአማርኛ «ገበያ እሄዳለሁ» ስል «እኔ» አልልም። ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አስቤ ወደ ስፓኒሽ ስቀዳ ነው የኖርሁት። የማታ ትምህርቱም የተሰጠኝ በእንግሊዝኛ ስለነበር፣ ወደ ስፓኒሽ ሌላ መንገድ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ በደብተሬ ኅዳግ ላይ ትርጉሙን በአማርኛ መጻፍ ጀመርሁ። «ሜ ጉስታ» የሚለው አባባል በእንግሊዝኛ በኩል ሲመጣ የተገለበጠ ይመስላል፤ በአማርኛ ግን «ደስ ይለኛል» ነው፤ ደስ የሚያሰኘው ነገር ባለቤት ሆኖ እኔ ተቀባይ ነኝ። በሥራዬ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገኝ «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» የሚለውም «ራሴን ያመኛል» ከማለት ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ በስፓኒሽ የሚያመው አካል ብዙ ሲሆን ግሡም አብሮ መብዛቱ ነው። ሁሉም ነገር እንዲህ ይገጥማል ማለቴ አይደለም። «ሴር»ና «ኤስታር» የሚባሉትን ሁለት ግሦች በእኛ «ነው»ና «አለ» ልለያቸው ሞክሬ፣ ሰው ወይም ዕቃ ያለበትን ቦታ ስናገር ብቻ ነው የረዳኝ። «ደክሞኛል» ለማለት «ኤስታር» እንደሚያስፈልግ በልምድ እንጂ በአማርኛ አልደረስሁበትም።

ድምፁ ግን የአባቶቻችን ሰዋስው አስቀድሞ ያስተማረኝ ነገር ነበር። ስፓኒሽ ውስጥ «ፔሮ» ላልቶ ሲነገር «ግን» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር «ውሻ» ይሆናል። ብዙ የውጭ ተማሪዎች በዚህ ይቸገራሉ። እኔ ግን «ገና» ላልቶና ጠብቆ ሲነበብ ምን እንደሚሆን ከልጅነቴ አውቃለሁና፣ መምህርቷ አንድ ጊዜ ስትለው ደግሜ አልሁት።

ያረፍሁት እናትና ሴት ልጅ በሚኖሩበት ቤት ነው። ባለቤቲቱን ሰው ሁሉ በአክብሮት «ዶኛ» ይላቸዋል፤ የመጨረሻዋ ፊደል የእኛው «ኛ» ናት። «ኡስቴድ» ብዬ አንቱ እላቸው ነበር፤ እሳቸውም መልሰው አንቱ ይሉኛል። በመማሪያ መጽሐፌ «አንተ» ለማለት «ቱ» ነበር የተጻፈው፤ በጓቴማላ ግን ወዳጅ ለወዳጅ ሲነጋገር «ቦስ» የሚለው አዘውትሮ ይሰማል፤ በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች እንኳ «ኡስቴድ» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። በሁለተኛው ሳምንት «ሚሃ»፣ ልጄ፣ ሲሉኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም።

ማዕድ ቤታቸው ሁለተኛው ትምህርት ቤቴ ሆነ። በቆሎውን ከኖራ ጋር ቀቅለው ያሳድሩታል፤ ጠዋት ያስፈጩትና ሊጡን በመዳፋቸው መሐል ጠፍጠፍ ጠፍጠፍ እያደረጉ ያሳሱታል፤ ከዚያም «ኮማል» በሚሉት ምጣድ ላይ ይጥሉታል። ኮማሉን ሳይ እናቴ አክንባሎዋን የምታነሣ መስሎኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስለ ምጣድና ስለ እንጀራ፣ ስለ ጤፍ፣ በዓለም ላይ የሚጠጣው የአረቢካ ቡና መነሻው አገሬ ስለ መሆኑ የነገርኳቸው ሁሉ በዚያች ማዕድ ቤት ውስጥ ነው፤ ቃል ሲያጥረኝ በእጄ እያሳየሁ፣ እሳቸው ቃሉን እየሰጡኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኅታቸው መጡና ሁለቱ በሌላ ቋንቋ ማውራት ጀመሩ። ጆሮዬ ቀጥ አለ፤ በውስጡ «ቀ»ን፣ «ጨ»ን፣ «ጸ»ን ሰማሁ። ቋንቋው ካቅቺኬል ነው፤ በጓቴማላ ከሚነገሩት 22 የማያ ቋንቋዎች አንዱ። ዶኛ እስከ ሰባት ዓመታቸው ድረስ ስፓኒሽ እንደማያውቁ፣ ትምህርት ቤት ሲገቡ እንደ እኔ ከዜሮ እንደተማሩት ያን ቀን ነገሩኝ። አራት ሳምንት ሙሉ ቃሌን በትዕግሥት ሲጠብቁልኝ የነበሩት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ውሻን በካቅቺኬል ምን ትሉታላችሁ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጺእ» አሉኝ። በደብተሬ ላይ በፊደላችን «ጺእ» ብዬ ጻፍሁና ጮክ ብዬ አነበብሁት። ዶኛ እጃቸው ላይ ያለውን ሊጥ እንደያዙ ዞረው አዩኝና እኅታቸውን ጠሩ፤ «ነይ ስሚ፣ ነይ ስሚ» አሉ፤ እኔንም ደግመሽ በይው አሉኝ።