የጡረታ ወርቅ፦ ሻጩ ሌላ፣ ያዡ ሌላ

እሱ፦ የዛሬው ውይይት አሜሪካ ለምትኖሩ ነው። «የጡረታ ገንዘብዎን ወደ ወርቅ ይቀይሩ» የሚለውን ማስታወቂያ ያልሰማ የለም። የትኛውን ድርጅት እንምረጥ?

እሷ፦ ድርጅቱ አንድ መች ሆነና! ሦስት ናቸው። ወርቁን የሚሸጥልህ ነጋዴ አለ፣ አይአርኤ የሚባለውን የግል ጡረታ ሂሳብ የሚይዝልህ ካስቶዲያን አለ፣ ወርቁ የሚቀመጥበት ግምጃ ቤት አለ። ማስታወቂያውን የሚያስነግረው አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴው ነው፤ በሕግ ተጠያቂ ሆኖ ሂሳቡን የሚይዘው ግን ካስቶዲያኑ ነው።

እሱ፦ እንግዲያው ከካስቶዲያኑ እንጀምር።

እሷ፦ ወይ ባንክ ወይ የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ የፈቀደለት መሆን አለበት። ባንክ ሳይሆኑ የተፈቀደላቸውን አይአርኤስ በስም ዝርዝር ያወጣቸዋል። ስሙን ፊደል በፊደል አመሳክር፤ የሚመሳሰል ስም አይበቃም። ከዚያ የዓመት ክፍያውን ጠይቅ። ለምሳሌ ቁርጥ 250 ዶላር ቢሆን፣ 10,000 ዶላር ላለው 2.5 በመቶ ነው፤ 100,000 ላለው ሩብ በመቶ። የግምጃ ቤት ኪራይ ተጨምሮበት እንደሆነም አጣራ። የአንተ ወርቅ ለብቻው ሲቀመጥ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ከሚቀመጠው ይወደዳል።

እሱ፦ እኔ ግን ሰው የሚጎዳው በክፍያው ሳይሆን በመግዣ ዋጋው ይመስለኛል።

እሷ፦ እሱማ ነው! ነጋዴውን ሁለት ዋጋ በጽሑፍ ጠይቀው፦ ይህን ሳንቲም ዛሬ በስንት ትሸጥልኛለህ? ዛሬውኑ ብመልሰውስ በስንት ትገዛዋለህ? በ50,000 ዶላር ግዢ ልዩነቱ 5 በመቶ ከሆነ 2,500 ዶላር ነው። 30 በመቶ ከሆነ ግን ከደጁ ሳትወጣ 15,000 ዶላር ቀለጠ።

እሱ፦ «የብር ሳንቲም በነጻ እንጨምርልዎታለን» የሚሉትስ?

እሷ፦ እዚያው ልዩነቱ ውስጥ ትከፍለዋለህ። «ልዩ እትም» ወይም «ለሰብሳቢዎች» የሚል ሳንቲም ካቀረበልህ ደግሞ ስልኩን ዝጋ። ኢግል የሚባለውን መደበኛ የአሜሪካ የወርቅ ሳንቲም ጠይቆ ዋጋውን ከሌሎች ሁለት ሻጮች ጋር ማወዳደር ቀላል ነው፤ የልዩ እትሙን ዋጋ በምን ታመዛዝነዋለህ?

እሱ፦ የእናቶቻችን አምባርና ሐብልስ ይገባል?

እሷ፦ አይገባም። ጌጥ አይፈቀድም፤ ለነገሩ መዋጮም የሚገባው በጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። የወርቁ ጥራት ቢያንስ 99.5 በመቶ መሆን አለበት፣ ብር 99.9፣ ፕላቲነምና ፓላዲየም 99.95። 22 ካራት የሆነው የአሜሪካ ኢግል በሕግ ተለይቶ ተፈቅዷል። የደቡብ አፍሪካው ክሩገራንድ ግን ያው 22 ካራት ሆኖ አይገባም። ደግሞ በወቄት ለለመደ፣ የዚህ ገበያ አውንስ 31.1 ግራም ነው።

እሱ፦ «ወርቁን ቤትዎ ያስቀምጡ» የሚሉም አሉ።

እሷ፦ በ2021 የታክስ ፍርድ ቤት በማክነልቲ ጉዳይ ይህንኑ አይቷል። በአይአርኤ ባለቤትነት ሥር ባለ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) የተገዙት የኢግል ሳንቲሞች ቤት በመቀመጣቸው ገንዘቡ ከሂሳቡ እንደወጣ ተቆጠረ፣ ታክሱም መጣ። 59 ዓመት ተኩል ላልሞላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የ10 በመቶ ተጨማሪ ታክስ አለ።

እሱ፦ ገንዘቡ 401ኬ ከሚባለው የአሠሪ የጡረታ ሂሳብ ሲዛወርስ?

እሷ፦ በቀጥታ ከተቋም ወደ ተቋም ይሂድ። ቼኩ በስምህ ከተጻፈ 20 በመቶ ይቆረጣል። ከ50,000 ላይ እጅህ የሚገባው 40,000 ነው፤ በ60 ቀን ውስጥ ግን ሙሉውን ማስገባት አለብህ፣ 10,000ውን ከኪስህ ሞልተህ። ያልሞላኸው ታክስ ይከፈልበታል።

እሱ፦ ሰው የሚረሳው ነገር አለ?

እሷ፦ የ73 ዓመቱ ግዴታ። ከመደበኛ አይአርኤ፣ ማለትም ታክሱ ገንዘቡ ሲወጣ ከሚከፈልበት፣ በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ ማውጣት ይጀመራል፣ ሳንቲም ደግሞ አይቆረስም። ስለዚህ ሳትፈርም በፊት ካስቶዲያኑን፦ አንድ ሳንቲም ለመሸጥ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ስንት ያስከፍላል በለው። ሌላ መደበኛ አይአርኤ ካለህ የሁለቱንም ድርሻ ከዚያኛው በጥሬ ገንዘብ ማውጣት ትችላለህ፤ ወርቁ ሳይነካ።