ከወረቀቱ በኋላ ያሉት ሦስት ደቂቃዎች

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር የተማሪዎቼን አንደበት ስለፈታልኝ የክርክር ሥርዓት ነው።

በክፍሌ 62 ተማሪዎች አሉ። አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ስለሆነ፣ እኔ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ለሁሉም እኩል ባካፍለው እንኳ ለአንዱ ተማሪ 40 ሰከንድ አይደርሰውም። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም የሚቀርበው በዚሁ ቋንቋ ነው። ሆኖም ልጆቹ ወደ እኔ ሲመጡ ከሰሌዳ መገልበጥ እንጂ መናገር አልለመዱም። ለዚህ ዝምታ እኔም ድርሻ ነበረኝ፤ ለዓመታት ተማሪ ግሥ ሲያሳስት ወዲያው አቋርጬ አርም ስለነበር፣ የታረመው ልጅ ከዚያ በኋላ እጁን አያወጣም ነበር።

ክርክር ስጀምር የመረጥሁት በፈላስፋው በካርል ፖፐር ስም የሚጠራውን ዓይነት ነው። በሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ተከራካሪዎች ይሰለፋሉ፤ የመክፈቻው ንግግር 6 ደቂቃ ሲሆን፣ ተቃራኒው ወገን ወዲያው ለ3 ደቂቃ መስቀለኛ ጥያቄ ያቀርባል። መጀመሪያ ላይ ተስፋዬን የጣልሁት በንግግሩ ላይ ነበር። ልጆቹ ግን ታላላቆቻቸው የጻፉላቸውን እንደ ዳዊት ሸምድደው ይመጡና በአንድ ትንፋሽ ይወጡታል፤ ያ የማስታወስ እንጂ የመናገር ልምምድ አልነበረም።

ሐሳቤን የለወጠው «በኮንዶሚኒየም ግቢ ለበዓል በግ ማረድ ይከልከል» የሚለው ርዕስ ነው። ደጋፊዋ ልጅ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አራት ቦታ አጥፋ ይዛለች፤ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ የወረቀቱ ጠርዝ ይርገበገባል። ንግግሯን ስትጨርስ ተቃዋሚው ተነሥቶ፣ ደሙ በውሃ ከታጠበ ምን ችግር አለው ሲል ጠየቃት። ወረቀቷን ገልበጥ አድርጋ አየች፤ መልሱ የለበትም። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ ቀና ብላ፣ «በት ዎተር ካም ዌንስደይ! ሆሊዴይ ኢዝ ሰንደይ!» አለች፤ ውሃ የሚመጣው ረቡዕ፣ በዓሉ ግን እሑድ ነው ማለቷ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰፈር ልጆች ናቸውና ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ግሡም መስተዋድዱም ጎድለዋል፤ እኔ ግን በማስታወሻዬ ከመያዝ በቀር አላቋረጥሁም፤ ስሕተቱን ከክርክሩ በኋላ ስም ሳልጠራ ሰሌዳ ላይ ለሁሉም አረምሁት። ያቺ ልጅ በራሷ አሳብ የተናገረችው የመጀመሪያ እንግሊዝኛ ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የወለደውም የምትመልስለት ሰው መኖሩ ነው።

ይህን ሳስብ የሀገራችን የቆየ የችሎት ሙግት ትዝ ይለኛል። በ«በላ ልበልሃ» ተሟጋቹ የሚመዘነው ባዘጋጀው ብቻ ሳይሆን የባላጋራውን ቃል ሰምቶ እዚያው በሚመልሰው ነበር። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው፣ የክርክሩ ሥርዓት ከአያቶቻቸው የተረፈ እንጂ ከእንግሊዝኛው ጋር የመጣ ባዕድ ነገር አይመስላቸውም።

ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር የመክፈቻውን ንግግር ወደ 2 ደቂቃ አሳጥሬ፣ የተረፈውን ጊዜ ለመስቀለኛ ጥያቄ ሰጥቻለሁ። ወረቀት ይዞ መቆም የሚፈቀደው በመክፈቻው ብቻ ነው፤ ጥያቄው ሲጀመር ሰዓት ያዡ ወረቀቶቹን ይሰበስባል። የፊታችን ሐሙስ ሰዓት የምትይዘው ያቺው ልጅ ናት።