ስሜቴ ሌላ፣ የልቤ ምት ሌላ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ልቤ ጉዳይ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። በተለይ እጄ ላይ ስለማስረው፣ የልብ ምት ስለሚከታተለው የአፕል ሰዓት፣ "ሰዓቱ ይጠቅማል ወይ?" የሚለው ጥያቄ በዝቷል። ዛሬ እሱን እናውራ።

ለማታውቁ፣ ያለብኝ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባል የልብ ምት መዛባት ነው። ባጭሩ ኤፊብ ይሉታል። በጤነኛ ልብ ውስጥ ምቱን የሚያስጀምረው ኤሌክትሪክ ከአንድ ቦታ፣ ከቀኙ የላይኛው ክፍል ነው የሚነሳው። ኤፊብ ሲመጣ ግን ሁለቱ የላይኛው ክፍሎች ከየአቅጣጫው ትእዛዝ ይጎርፍባቸዋል። በሥርዓት መኮማተራቸው ይቀርና ይርገበገባሉ። የታችኞቹ ደግሞ ከዚያ ትርምስ የደረሳቸውን ያህል ይመታሉ። አንዴ ይፈጥናሉ፣ አንዴ ይዘላሉ። የእኔ መጥቶ የሚሄደው ዓይነት ነው። ለሰዓታት ይቆይና በራሱ ጊዜ ይለቀኛል።

ያስቸገረኝም ይሄው መምጣትና መሄዱ ነው። ሐኪም ቤት ስደርስ ልቤ እንደ ደህና ሰው ልብ ይመታል፤ ኢሲጂ፣ የልብን ኤሌክትሪክ በመስመር የሚስለው ምርመራ፣ ሲነሳ ምንም የለም። የምሠራው እዚህ ሜሪላንድ፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ፣ የሌሊት ፈረቃ ነው። ስለዚህ "እንቅልፍ አጥተሽ ነው፣ ጭንቀት ነው" ተብዬ ወደ ቤቴ መመለሴ የተለመደ ነበር። ሰውነትሽ የሚነግርሽን ነገር የሚያምንሽ ስታጪ እንዴት እንደሚያደክም፣ ያየ ያውቀዋል።

አንድ ሌሊት ከሥራ ወጥቼ መኪና ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ጀመረኝ። ልቤ ጉሮሮዬ ሥር መጥቶ የሚመታ መሰለኝ። ሞተሩን አላስነሳሁም። ሰዓቱን ያሰርኩበትን ግራ እጄን ጭኔ ላይ አሳረፍኩና የቀኝ እጄን ጣት የሰዓቱ ጎን ላይ ባለችው ክብ ቁልፍ ላይ አደረግኩ። ሰዓቱ ኢሲጂ እስኪያነሳ 30 ሰከንድ መጠበቅ ነው። እጅ ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ይበላሻል። ሲያልቅ ስልኬ ላይ በፒዲኤፍ አወጣሁትና ለቀጠሮዬ አተምኩት።

የልብ ሐኪሟ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በእስክሪብቶዋ እየነካካች አሳየችኝ። "ከእያንዳንዱ ሹል በፊት አንዲት ትንሽ ጉብታ መኖር ነበረባት። እዚህ የለችም። በሹሎቹ መካከል ያለውን ርቀትም እዪው፤ አንዱ ካንዱ አይገጥምም።" ጉብታዋ የላይኛው ክፍል በሥርዓት መሥራቱን የምታሳይ ናት። በዚያች ወረቀት ብቻ ግን አልወሰነችም። ደረት ላይ የሚለጠፍ መመዝገቢያ፣ ፓች የሚሉትን፣ ለሁለት ሳምንት ለጠፈችልኝ።

እዚህ ላይ ሰዓቱ የሚሠራውን ልለይላችሁ። ከሥሩ ያለው አረንጓዴ መብራት የደሙን ዝውውር እያየ ምቱን ይቆጥራል። ኢሲጂ የሚባለው ደግሞ ጣታችሁን ስታስነኩት ብቻ የሚሠራ ነው። አፕል ይህን ያመጣው በፈረንጆቹ 2018 ነው። የሆስፒታሉ ኢሲጂ ልብን በ12 አቅጣጫ ያያል፤ ሰዓቱ በአንድ። ስለዚህ የልብ ድካምን፣ ማለትም ድንገተኛውን ሃርት አታክ፣ አያውቅም። ደረታችሁን ካመማችሁ፣ ፊታችሁ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ወይም አንደበታችሁ ከተሳሰረ ሰዓት አትዩ። 911 ደውሉ።

ከ419 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2019 የታተመ ጥናት አለ። ሰዓቱ "ምትህ ተዛብቷል" ብሎ ያስጠነቀቃቸው 0.52 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ ፓች አድርገው ከመለሱት፣ ፓቹ ኤፊብ ያገኘባቸው 34 በመቶ ናቸው። ቀሪዎቹ የላቸውም ማለት አይደለም፤ መጥቶ የሚሄድ ነገር በዚያ ሳምንት ላይገኝ ይችላል። ለዚህ ነው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ በራስ መፍረድ አያስፈልግም የምለው።

አሁን ዋናው ነገር። ፓቹ ላይ ቁልፍ አለ፤ የሆነ ነገር ሲሰማሽ ትጫኚዋለሽ። ውጤቱ ሲመጣ የተጫንኩባቸው ሰዓታትና ኤፊብ የነበረባቸው ሰዓታት ጎን ለጎን ቀረቡልኝ። አልገጠሙም! "ልሞት ነው" ብዬ ከተጫንኳቸው ብዙዎቹ ጤናማ ምት ነበሩ፤ አልፎ አልፎ አንዲት ትርፍ ምት ጣልቃ ገብታ ነው። እንቅልፍ ጥሎኝ፣ ምንም ሳይሰማኝ ደግሞ ልቤ ለሰዓታት ሲርገበገብ ቆይቷል።

ይሄ ስለ መድኃኒቴ፣ ስለ ደም ማቅጠኛው፣ ያለኝን ሐሳብ ከሥሩ ቀየረው። ኤፊብ የሚፈራው በስትሮክ ነው። የላይኛው ክፍል ሲርገበገብ ደም ይረጋል፤ በተለይ በግራ በኩል ባለች ኪስ መሳይ ቦታ። የረጋው ተነስቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ኤፊብ ያለበት ሰው ለስትሮክ ያለው አደጋ አምስት እጥፍ ገደማ ነው። የደም ማቅጠኛ የሚታዘዘው ዕድሜን፣ ግፊትን፣ ስኳርን፣ ቀድሞ የነበረ ስትሮክን አይቶ ነው። ግፊትም ስኳርም አለብኝ። "ዘንድሮ እኮ ተሽሎኛል፣ ክኒኑን ልተወው" የምትሉኝ አላችሁ። እባካችሁ፣ በእናንተ ሞት! የተሻላችሁ ስሜታችሁ ነው። ልባችሁ ሌሊት ምን እንደሚሠራ በስሜት አይታወቅም። ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አንዲት ክኒን አትዝለሉ።

ሰዓቱንም የምጠቀመው በዚሁ መንገድ ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን በቪዲዮ ስታየኝ፣ "ልጄ፣ ይሄን እጅሽን እያየሽ ልብሽን አታስደንግጪው" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ቁጥር ሲታይ ድንጋጤ ይመጣል፣ ድንጋጤው ደግሞ ምቱን ያፈጥነዋል። ስለዚህ ሲሰማኝ እመዘግባለሁ፤ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ምን እየሠራሁ እንደነበር፣ እንቅልፌን፣ የበላሁ የጠጣሁትን። ካልተሰማኝ አላየውም። ኤፊብ እንዳለባቸው በሐኪም ለተረጋገጠላቸው ከ2022 ጀምሮ ሳምንታዊ ግምት የሚሰጥ ክፍል ሰዓቱ ላይ አለ፤ እሱን እሑድ እሑድ አያለሁ። ማስታወሻዬ ላይ ደጋግሞ የመጣው የሌሊት ፈረቃና የበዓል ጠጅ ነው። ጠጁን ተውኩት። ቡናዬን ግን አልተውኩም፤ እኔ ላይ ምንም አላየሁበትም። በ2025 የወጣ ጥናትም ቡና ከቀጠሉት ይልቅ ባቆሙት ላይ ኤፊቡ በርከት ብሎ መመለሱን አሳይቷል።

ጎንደር ያለች የአክስቴ ልጅ ይሄን ስነግራት "ለእኔም ሰዓት ላኪልኝ" አለችኝ። የእሷ ሌላ ነው። ልጅ ሆና የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ቀርቶ የልብ በሯን ያጠበበባት ናት፤ ኤፊቡ የመጣው ከዚያ ነው። አገራችን ውስጥ ይሄ ብዙ ወጣት ላይ አለ። የምትወስደው ዋርፋሪን የሚባለውን የቆየ የደም ማቅጠኛ ነው። እንዲህ ላለው ሕመም ከአዲሶቹ የደም ማቅጠኛ ክኒኖች አንዱ ከዋርፋሪን እንደማይሻል በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ዋርፋሪን ደግሞ አይኤንአር የሚባል፣ ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ የደም ምርመራ ይፈልጋል፤ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ጾም ሲገባ ጎመኑ ይበዛል። ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፣ ቁጥሩን ያወርደዋል። ጎመን ተዪ አልላትም። ጾምም ፍስክም አንድ መጠን ብዪ፣ ጾም ሲገባና ሲወጣ ተመርመሪ እላታለሁ። የሰዓቱን ገንዘብ ለምርመራው ላኩላት። ኤፊብ እንዳለባት ሐኪሟ ያውቃል፤ የጎደላት እሱን የሚነግራት አይደለም።

የእኔ ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነው። ጉዳዩ አብሌሽን ነው። በቀጭን ቱቦ በብሽሽት በኩል ገብተው ትርምሱ የሚነሳበትን አካባቢ ይዘጉታል። ሐኪሟ የልቤን መዝገብ ከማስታወሻዬ ጋር አምጪ ብላኛለች። ከአብሌሽኑ በኋላ የደም ማቅጠኛው ይቀጥላል ወይ የሚለውን ጥያቄም ማስታወሻዬ አናት ላይ ጽፌዋለሁ። የምትለኝን በሚቀጥለው እነግራችኋለሁ። በሰላም ቆዩልኝ።