ሣር የያዙት ሽማግሌ

እንደምን አመሻችሁ?

ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የፊልም ሰዎች ፊት ቆሞ ፊልም መውቀስ ከባድ ነው። አገራችን ውስጥ አንድ ፊልም ስንት ደጅ ተጠንቶ እንደሚሠራ ስለማውቅ ስሙን አልጠራም። የሠሩት ልጆችም ክፉ አስበው ነው አልልም። ግን ከፍቶኛል። የከፋኝን ልንገራችሁ።

እኔ የሽሮ ሜዳ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ ከዶርዜ ነው የመጡት። ፊልሙ የጋሞን ሕይወት ያሳያል ሲባል እናቴን ይዤ ሲኒማ ገባሁ። ገና ሲጀምር የጉጌ ተራራ ጉም ታየ። እናቴ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። እውነቴን ነው፣ ቀረጻው ያምር ነበር።

ከዚያ ሰዎቹ መናገር ጀመሩ።

ሸማኔው አፉን በከፈተ ቁጥር አማርኛው ይሰባበራል፤ ተመልካቹም ይስቃል። አረቄ እየጠጣ፣ እየቀለደ፣ መወርወሪያውን እንደነገሩ ይወረውራል። አባቴ እንደዚያ ሲሠራ አንድ ቀን አላየሁም። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ይቀመጣል። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይበራል። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ግን ቀስ ይላል። ድሩን በጣቱ እየለየ ይቆጥራል። አንዲት ክር ከሳተ ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። ያን ሰዓት ቤታችን ውስጥ ማንም አያወራም። እኛ ልጆች እንኳ በጣታችን ጫፍ ነበር የምንራመደው።

ስለ ስማችንም አንድ ነገር ልበል። ዶርዜ ከ40 በላይ ከሆኑት የጋሞ ደሬዎች፣ ማለትም የየራሳቸው ሥርዓት ካላቸው አካባቢዎች፣ አንዱ ነው። ከተማ ውስጥ ግን «ዶርዜ» ለጋሞ ሁሉ መጠሪያ፣ ሲብስም መሳደቢያ ሆኖ ኖሯል። ፊልሙ ይኼንኑ እንዳለ ወሰደው። ለለቅሶ የምናዜመውንም ሠርግ ላይ አስገባው። እናቴ ዜማውን ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ሌላው ሰው ያጨበጭባል።

ቤቱንም አሳይተዋል። ከቀርከሃ የተሸመነ፣ በእንሰት ኮባ የተከደነ፣ ፊቱ የዝሆን የመሰለ ረጅም ቤት። ግን እንደ ፖስትካርድ ከውጭ ብቻ። የቤቱን እግር ምስጥ ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይወጣል፤ ቤቱም ከዓመት ዓመት ያጥራል። ቤቱ ምን ያህል እንደኖረ ከቁመቱ ይታወቃል። ሲያስፈልግ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ በትከሻው ተሸክሞት ቦታ ይቀይራል። ለካሜራ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? አንድ ሰው ቢጠይቁ ይነግራቸው ነበር።

ይኼን ሁሉ ልተወው እችል ነበር። ያልቻልኩት የሽማግሌውን ነገር ነው።

ፊልሙ ውስጥ አንድ የጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዘው አንድ ባለሀብት ፊት ይንበረከካሉ። የሚያስቅ ሙዚቃ ይገባል። ባለሀብቱ ብር ይወረውርላቸዋል። ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ያ ልመና አይደለም። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ጠብ ይቆማል። እሱን አልፎ መሄድ ጎሜ ነው። በአማርኛ ነውር ብለው አይበቃም፤ መዘዙ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር ነው። መስከረም 2011 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ቡራዩ ላይ ወገኖቻችን ተገድለው፣ አርባ ምንጭ ውስጥ ወጣቱ ለበቀል ወጥቶ ነበር። ደሙ ፈልቷል። ማን ሊያቆመው ይችል ነበር? ሽማግሌዎቹ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱም ቆመ። ተመለሰም። ቪዲዮውን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ያኔ አገር ሁሉ አለቀሰ፤ እኔም አልቅሻለሁ።

እናቴ ፊልሙ ሳያልቅ «እንሂድ» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ምንም አልተናገረችም። ቤት ስንደርስ አባቴ «እንዴት ነበር?» ሲላት «ተራራው ያምራል» ብቻ አለችው። ስለ ሣሩ አልነገረችውም። እኔም እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

አሁን የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ስለ እኛ ፊልም አትሥሩ አላልኩም። ሥሩ። ሰካራም ሸማኔም፣ ክፉ ሽማግሌም ጻፉ፤ እኛም ሰዎች ነን። ግን መጀመሪያ ኑ። የእኛ የመስቀል በዓል፣ ዮ ማስቃላ፣ ሲደርስ ዶርዜ ውጡ። የመጀመሪያውን ቀን ካሜራውን መኪና ውስጥ ተዉት። ሽማግሌዎቹ መሰብሰቢያው አደባባይ፣ ዱቡሻ ላይ ሲቀመጡ ጠጋ ብላችሁ አዳምጡ። ጋሞኛ ካልቻላችሁ እኔ አብሬያችሁ እሄዳለሁ፤ አስተረጉማለሁም። ስክሪፕቱን ስትጨርሱ ደግሞ ሽሮ ሜዳ አባቴ ጋ አምጡት። ቁጭ ብሎ ያዳምጣችኋል። የተሳተች ክር ካለች ያሳያችኋል።

አመሰግናለሁ።