አዲሱን ዘዴ ከመቀበላችን በፊት

የተከበራችሁ የሳይንስ መምህራን፣ አሰልጣኞችና የትምህርት ቢሮ ኃላፊዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ አዲሱ የማስተማሪያ ዘዴ ጥቂት የምስጋና ቃል እንድናገር ነበር። ብዙ ዘዴ ሲመጣና ሲሄድ ያየሁ የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ ምስጋናውን ለጊዜው ላቆየው።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ “ተማሪ ተኮር” ከአፋችን ጠፍቶ አያውቅም። ሐሳቡን አልነቅፍም። ግን በ1990ዎቹ አጋማሽ ፕላዝማ፣ ማለትም በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትምህርት፣ መጣና ተማሪውንም መምህሩንም ጥግ አስያዘ። በሳተላይት የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ራሱ መልሶ ያልፋል። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ማን ያየዋል? ለእኛ የተተወልን የመግቢያና የማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃ ነበር። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ጠፋ። ቀጥሎ አንድ ለአምስት የሚባለው፣ ተማሪዎችን በአንድ ጎበዝ ዙሪያ በትንንሽ ቡድን የሚያደራጀው አሠራር መጣ፤ ጎበዙ ሠራ፣ ሌሎቹ ስማቸውን ጻፉ፣ እኛም ማርክ ሰጠን።

ዘዴ መለወጡ አይከፋኝም። የሚከፋኝ፣ አንዱ ሲሰናበት ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጎደለ የሚነግረን መጥፋቱ ነው። ውጤቱን ሳይመዘግብ ወደ ቀጣዩ ሙከራ የሚሮጥ ተማሪ ብናገኝ ዜሮ አንሰጠውም ነበር?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ ኩረጃው ሲጠብ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ጥፋቱን ሁሉ በማስተማሪያ ዘዴ አላላክክም። ነገር ግን እነዚያ ልጆች ያደጉት ተከታታይ ምዘናና የቡድን ሥራ በየሪፖርቱ በሚወደስበት ዘመን ነው።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የኦምን ሕግ፣ ማለትም የሽቦው ሙቀት ካልተለወጠ ቮልቴጅ በጨመረ ቁጥር የኤሌክትሪክ ፍሰቱም በዚያው ልክ ይጨምራል የሚለውን፣ በባትሪ ድንጋይና በቀጭን ሽቦ ስትሞክር በግራፉ ላይ ያኖረቻቸው ነጥቦች ቀጥ ያለ መስመር አልሠራ አሏት። መጽሐፉን አምና ቁጥሩን ማስተካከል ትችል ነበር፤ አብዛኞቹ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። እርሷ ግን ሽቦውን ነካችው፤ ሞቋል፤ ሽቦ ሲሞቅ ደግሞ ፍሰቱን ይበልጥ ይገታል። ከዚያ በኋላ በየልኬቱ መካከል ማብሪያ ማጥፊያውን እያጠፋች፣ ሽቦው እስኪቀዘቅዝ እየጠበቀች ለካች። ይህ ዘዴ ስም የለውም። የፈለገው አሜትር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ)፣ ጊዜና ዝም ብሎ የሚመለከት መምህር ነው። አሜትሩ በብዙ ትምህርት ቤት የለም፤ ካለም በቁልፍ ተዘግቶበታል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት የቢሮው ኃላፊዎች ያለፈው ዘዴ ምን ውጤት እንዳመጣ ይንገሩን። “ተማሪዎች በቡድን ተቀምጠዋል ወይ?” በሚለው የክፍል ምልከታ ቅጽ ላይም አንድ መስመር ይጨመርልን፦ በዚህ ሳምንት በእጃቸው ምን ለኩ?

አመሰግናለሁ።